ቀኗ ሲደርስ፦ ስለ ቤተሰብ መኪና ሰርቪስ

(ለኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር ጽሑፍ)

እንደምን አመሻችሁ ጎረቤቶቼ። ከሥራ ደክማችሁ ገብታችሁ፣ እራታችሁን አዘግይታችሁ ስለ ዘይትና ስለ ፊልትሮ ለመስማት ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ኮሚቴው ስለ መኪና አያያዝ እንድናገር ሲጠይቀኝ ደስ ብሎኝ ነው እሺ ያልኩት። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ጋራዥ ውስጥ ነው። ልቤ የሚያዝነው ደግሞ በትንሽ ወጪ መዳን የምትችል መኪና ሞተሯ ወርዶ ሳይ ነው።

ግቢያችን ውስጥ የሚያድሩት አብዛኞቹ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላና ዲዛየር ናቸው። ብዙዎቹ ከአሥር ዓመት በላይ ሠርተዋል። ልጆች ትምህርት ቤት ያደርሳሉ፣ ወላጆቻችንን ሐኪም ቤት ይወስዳሉ፣ ለበዓል አገር ቤት ደርሰው ይመለሳሉ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ እጃችን ላይ ያሉት የነዳጅ መኪኖች ገና ብዙ መሥራት ይጠበቅባቸዋል። «ይቺን ሸጬ ብዙ ያልተነዳች አስመጣለሁ» ማለት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም።

እኔ ዛሬ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። መኪናችሁን ቀኗ ሲደርስ ሰርቪስ አድርጓት። ድምፅ እስክታሰማ፣ እስክታጨስ፣ ክሩስኮቷ ላይ ቀይ መብራት እስኪበራ አትጠብቁ። ልጆቻችሁን ለክትባት የምትወስዷቸው ታመው አይደለም፤ ካርዱ ላይ የተጻፈው ቀን ስለደረሰ ነው። መኪናም ካርድ አላት። ከፋብሪካ ስትወጣ አብሯት የሚመጣው መጽሐፍ ውስጥ፣ በየስንት ኪሎ ሜትርና በየስንት ወሩ ምን እንደሚቀየር፣ ምን እንደሚታይ በሰንጠረዥ ተቀምጧል። ብዙ ጊዜ መጽሐፉ ከነፕላስቲኩ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ አገኘዋለሁ። አንዳንዱ በጃፓንኛ ወይም በዐረብኛ ስለሆነ ማንም አይገልጠውም። የመኪናችሁን ስም፣ የተሠራችበትን ዓመትና የሞተሯን ዓይነት አስገብታችሁ በእንግሊዝኛ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉት። የሰርቪሱን ሰንጠረዥ ብቻ አትማችሁ ከሊብሬው ጋር አስቀምጡት። ልጆቻችሁ በደቂቃዎች ያገኙላችኋል።

ሰንጠረዡን ስታገኙ ግን በጥንቃቄ አንብቡ። አብዛኛው መጽሐፍ ሁለት ዓይነት ፕሮግራም አለው። አንዱ ለመደበኛ፣ ሌላው ለከባድ አጠቃቀም ነው። ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን አይቶ ያልፋል። «ከባድ» ሲባል ድንጋይ የሚጭን መኪና ይመስለዋል። መጽሐፉ ግን ከባድ የሚለው አጭር መንገድ ደጋግሞ መሄድን፣ በትራፊክ መጨናነቅ ቆም ሄድ ማለትን፣ ሞተሩ እየሠራ ቆሞ መቆየትን፣ አቧራን፣ ዳገትና ቁልቁለትን ነው። እስቲ ይህን ሰምታችሁ የጠዋቱን የሜክሲኮና የመገናኛ መንገድ አስቡት። የሽሮ ሜዳን ዳገት አስቡት። የአዲስ አበባ መኪና ሁሉ፣ ቅዳሜ ታጥባ የምታበራዋ የቤት መኪና ጭምር፣ የምትኖረው በከባዱ ፕሮግራም ውስጥ ነው።

ይህን በቁጥር ላሳያችሁ። አንዲት መኪና በአማካይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደች 5,000 ኪሎ ሜትር ብትጨርስ ሞተሯ የሠራው 83 ሰዓት ያህል ነው። ሌላዋ በከተማ መጨናነቅ ውስጥ በአማካይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እየሄደች ያንኑ 5,000 ብትጨርስ ሞተሯ 333 ሰዓት ሠርቷል። አራት እጥፍ ማለት ነው። ቆጣሪው ላይ ሁለቱም እኩል ናቸው። ዘይቱ ግን እኩል አይደለም፤ ባትሪውም፣ ራዲያተሩም እንደዚያው። ጎማው ሳይዞር ሞተሩ የሠራበትን ሰዓት ኪሎ ሜትር አይቆጥረውም። መጽሐፉ ከኪሎ ሜትሩ ጎን ወር የሚጽፈውም ለዚህ ነው። «ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው» ይላል። ቀድሞ የደረሰው! ይህችን ቃል ያዙልኝ።

አንዲት እናት ቅድም በር ላይ ሲያገኙኝ፣ «የኔ መኪና እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከማድረስ ሌላ ሥራ የላት፣ ለምን ዘይት እቀይራለሁ?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አጭር መንገድ የምትሄድ መኪና ሞተሯ በደንብ ሳይሞቅ ይጠፋል። ሞተር ሲሠራ ትንሽ ውኃና ትንሽ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ዘይቱ መግባቱ አይቀርም። ረጅም መንገድ ስትሄዱ ዘይቱ ግሎ እነዚህ ተንነው ይወጣሉ። ዐሥር ደቂቃ ሄዳችሁ ስታጠፉት ግን እዚያው ይቀራሉ። ወር በወር ላይ ሲደራረብ ዘይቱ ወደ ጥቁር ዝቃጭ ይለወጣል። አንድ ደንበኛዬ «ብዙም አልነዳት» እያለ ሁለት ዓመት ሙሉ ዘይት ሳይቀይር ቆይቶ መጣ። የሞተሩን የላይ ክዳን ስንከፍተው ዝቃጩ በማንኪያ የሚዛቅ ነበር። ያ ዝቃጭ ዘይት የሚያልፍባቸውን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ያለ ዘይት ብረት በብረት ይፈጫል።

ስለዚህ እዚህ ከተማ ውስጥ ለምትነዳ የቤተሰብ መኪና የኔ ምክር በ5,000 ኪሎ ሜትር ወይም በስድስት ወር፣ ቀድሞ በደረሰው፣ ዘይትና የዘይት ፊልትሮ አብሮ መቀየር ነው። ሙሉ ሲንተቲክ ዘይት የምትጠቀሙ፣ መጽሐፉ 10,000 ቢል እንኳ የከባዱን ፕሮግራም አምድ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ግማሹ ነው። ፊልትሮውን ትቶ ዘይት ብቻ መቀየር የሚባል ቁጠባ አለ። እባካችሁ ተዉት። አሮጌው ፊልትሮ ውስጥ የቀረው ቆሻሻ ዘይት በመጀመሪያው ደቂቃ ከአዲሱ ጋር ይደባለቃል።

ስለ ዘይት ስናወራ ሁለት ልማዶች አሉ፤ ሁለቱም ያሳዝኑኛል። አንደኛው፣ ጀሪካኑ አራት ሊትር ስለሆነ አራቱንም ማፍሰስ ነው። የቪትዝ ባለ 1.0 ሊትር ሞተር የሚይዘው ከሦስት ሊትር ብዙም አይበልጥም። ከልክ በላይ የተሞላ ዘይት በሚሽከረከረው ብረት ተመትቶ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ብረት አያለሰልስም። መለኪያውን ብረት አውጥታችሁ በሁለቱ ምልክቶች መሐል መሆኑን በዓይናችሁ እዩ፤ የተረፈውን ይዛችሁ ሂዱ፣ የናንተ ነው። ሁለተኛው ልማድ ወፍራም ዘይት ይሻላል የሚለው ነው። ፋብሪካው 5 ደብሊው 30 ያለውን ሞተር 20 ደብሊው 50 ይሞሉታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ብርዱን ታውቁታላችሁ። ወፍራሙ ዘይት እስኪወጣና የላይኛው ክፍል እስኪደርስ ድረስ ሞተሩ ደረቁን ይሠራል። መኪናዋ ዘይት የምትበላ ከሆነ ለምን እንደምትበላ ይታይ። ማወፈር መፍትሔ አይደለም። ጀሪካኑም ፊታችሁ ይከፈት። ይህን ማለት መካኒኩን መስደብ አይደለም፤ ጥሩ መካኒክ ራሱ ጠርቶ ያሳያችኋል።

አሁን ወደ ውኃው ልሂድ። ይህን ነገር ሁሉም ሰው ቢያውቀው ደስ ይለኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ እንጦጦ ላይ ከዚያም ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ በ92 አካባቢ ነው። ጤነኛ ሞተር ደግሞ በመደበኛ ሥራው 90 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃል። አያችሁት ርቀቱን? ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የቧንቧ ውኃ ከሆነ፣ ሞተሩ ምንም ሳይበላሽ መፍላት ጫፍ ላይ ቆሟል ማለት ነው። የሚያድነን የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ውስጥ ያለው ስፕሪንግ ግፊቱን ስለሚይዝ የመፍያ ነጥቡ ከፍ ይላል። ላስቲኩ ካረጀ ወይም ስፕሪንጉ ከደከመ ግን ያ መከላከያ የለም። ርካሽ ዕቃ ነው፣ ማንም አያስታውሰውም። መኪና ስታፈላ ራዲያተር ያስወልቃሉ፣ ፓምፕ ይቀይራሉ፤ ክዳኑን መጨረሻ ላይ ነው የሚያዩት። መጀመሪያ እሱን አሳዩ። ሞተሩ ግሎ እያለ ግን በፍጹም አትክፈቱት፤ እጅና ፊት የተቃጠለ ሰው አይቻለሁ።

«እዚህ አገር ውኃ አይቀዘቅዝም፣ አንቲፍሪዝ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው ብዙ ነው። አንቲፍሪዝ፣ ኩላንት የምንለው ማለት ነው፣ ከበረዶ መከላከል ብቻ አይደለም ሥራው። የመፍያ ነጥቡን ከፍ ያደርጋል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ዝገት ይከላከላል። የቧንቧ ውኃ ሞተሩ ውስጥ ዝገትና ነጭ ኖራ መሰል ነገር ይተዋል። ያ ነገር የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይዘጋል፣ ከዚያ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። አንድ ጊዜ ክፉኛ የፈላ ሞተር የላይኛው ክፍሉ፣ ቴስታታ የምንለው፣ ሊጣመም ይችላል፤ ከዚያ ወጪው ከባድ ነው። መንገድ ላይ ኩላንት አጥታችሁ ውኃ ብትጨምሩ ችግር የለም። ቤት ስትደርሱ ግን አስፈስሳችሁ ትክክለኛውን ድብልቅ አስሞሉ። ተራ ኩላንት በሁለት ዓመት ይቀየራል፤ ረጅም ዕድሜ ያላቸው ዓይነቶች አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያሉ። የትኛው እንዳላችሁ መጽሐፉ ይነግራችኋል።

ከኪሎ ሜትር ይልቅ ዕድሜ የሚገዛው ሌላ ነገር አለ። የፍሬን ዘይት ነው። የፍሬን ሸራ አለቀ ሲባል ሁሉም ይደነግጣል፤ የፍሬን ዘይት መቼ ተቀየረ ብዬ ስጠይቅ ግን ዝምታ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። መኪናዋ ቆማም ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ደረጃ ያለው አዲስ የፍሬን ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት። እርጥበት ሲጠጣ ግን ደረጃው ራሱ የሚጠብቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። በከተማ ውስጥ ይህ ላይታወቅ ይችላል። አሁን ለፋሲካ ወደ ጎጃም ስትሄዱ አስቡት። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወንዝ ስትወርዱ ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው። መኪናዋ ሙሉ ሰው ይዛለች፣ የኋላ ዕቃ መጫኛው ሙሉ ነው። ነጂው እግሩን ከፍሬን ካላነሳ ሸራውና ዲስኩ ይግላሉ፣ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ያልፋል፣ በዘይቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ይፈላል። እንፋሎት ይታመቃል፤ ዘይት ግን አይታመቅም። ፔዳሉን ስትረግጡት ወለል ይነካል፣ መኪናዋ አትቆምም። ልጆች ከኋላ ተቀምጠዋል።

ይህ እንዳይደርስባችሁ በየሁለት ዓመቱ የፍሬን ዘይት ይቀየር። አየሩ ወጥቶ፣ ከአራቱም ጎማ። በየ10,000 ኪሎ ሜትር ሸራው ይታይ፤ ውፍረቱ ሦስት ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ጊዜው ነው። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ በከባድ ማርሽ ውረዱ። አውቶማቲክ የምትነዱም ማርሹን ዝቅ አድርጉ፤ ኤል ወይም 2 የተጻፈው ለዚህ ነው የተሠራው። ወደ ደብረ ሲና የምትወርዱም፣ ጣርማ በር ላይ ያው ነው።

ከመንገድ ጋር ሳለን ስለ ጎማ አንድ ነገር ልጨምር። የጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለ። 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ብዙ መኪኖች ጥርሱ ያልተነካ፣ ግን ያረጀና የተሰነጣጠቀ ጎማ ይዘው ይሄዳሉ። ስድስት ዓመት ካለፈው ጎሚስታው በየጊዜው ይመርምረው። ዐሥር ዓመት የሞላውን ግን ምንም ያህል ቢያምር አውልቁት። ስኮርታውንም እዩ፤ እሱ ነው ከሁሉም የሚያረጀው። ሌላው ንፋሱ ነው። ልኩ በነጂው በር ፍሬም ላይ ተለጥፏል፤ የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ ጠዋት ነው። ወደ አፋር ወይም ወደ ቆላ የምትወርዱ ደግሞ ስትደርሱ በማግሥቱ ጠዋት እንደገና ለኩት። አዲስ አበባ ላይ ልክ የነበረው ጎማ፣ ታች ያለው አየር ከበድ ስለሚል መለኪያው ላይ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል።

የቀረውን በፍጥነት ልለፈው። የአየር ፊልትሮ በአቧራማ መንገድ ቶሎ ይሞላል፤ በየዘይት ቅያሪው ይታይ። በኮምፕረሰር ሲነፉት ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በቀስታ ይሁን፤ ወረቀቱ ከተቀደደ አቧራው ቀጥታ ሞተር ውስጥ ይገባል። ተራ ካንዴላ 20,000 ኪሎ ሜትር፣ ኢሪዲየም እስከ 100,000። ቺንጋው ስንጥቅ ካለው ይቀየር። እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት የተሠሩ ብዙ ኮሮላዎች ታይሚንጋቸው፣ የሞተሩን የላይና የታች ክፍል አብሮ የሚያዞረው፣ በቺንጋ ነው፤ በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ቪትዝና ዲዛየር ሰንሰለት ነው ያላቸው፤ እሱ ጥሩ ዘይት ካገኘ ይቆያል። ማርሻቸው ሲቪቲ፣ ማለትም ደረጃ የሌለው አውቶማቲክ፣ የሆኑ መኪኖች ካምቢዮ ውስጥ የሲቪቲ ዘይት ብቻ ይግባ። ተራውን የአውቶማቲክ ዘይት ሞልተው ካምቢዮ ያበላሹ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ያገለገለ መኪና የገዛችሁ፣ ታሪኳን የማታውቁ፣ ቆጣሪውን አትመኑ። ኪሎ ሜትር ይመለሳል፣ ታውቃላችሁ። ከዜሮ ጀምሩ። በመጀመሪያው ወር ዘይቱም፣ ፊልትሮዎቹም፣ ኩላንቱም፣ የፍሬን ዘይቱም ይቀየሩ፤ ታይሚንጓ በቺንጋ ከሆነ ቺንጋውም። ያን ቀን ጻፉት፤ የመኪናዋ የልደት ቀን እሱ ነው። ገንዘቡ አንድ ላይ ከከበዳችሁ ፍሬኑን አስቀድሙ፣ ከዚያ ዘይቱን፣ ከዚያ ውኃውን። ለቦሎ ምርመራ አለፈች ማለትም ሰርቪስ ተደርጋለች ማለት አይደለም። ምርመራው በዚያ ቀን ፍሬኗና መብራቷ እንዴት እንደሆኑ ያያል፤ ዘይቷ ስንት ወር እንደቆየ አይጠይቅም።

ቤት ውስጥ ያለውን ነገርም ልናገር፣ አትቆጡኝ። አባት ይነዳል፣ እናት ትነዳለች፣ ልጅ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ይነዳል፣ አንዳንዴ ሾፌርም አለ። ሁሉም ሌላው ያስቀየረ ይመስለዋል። ሰርቪሱን የሚከታተል አንድ ሰው ይሰየም። ትንሽ ደብተር መኪናዋ ውስጥ ይቀመጥ። ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የተቀየረው ዕቃ፣ የዘይቱ ዓይነት፣ ቀጣዩ መቼ እንደሆነ ይጻፍ። መኪናዋን ስትሸጡም ያ ደብተር ዋጋ አለው፤ እኔ ገዥ ብሆን ከቀለሟ በፊት እሱን ነው የማየው። ጋራዥ ስትሄዱ ደግሞ «እያት እስቲ» ብቻ አትበሉ። ዝርዝራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የወለቀውን አሮጌ ዕቃ ጠይቁ። ከሶማሌ ተራ መለዋወጫ ስትገዙ የዕቃውን ቁጥር ከአሮጌው ላይ ገልብጣችሁ ያዙ፤ «ይገባል» ሲሏችሁ አትቸኩሉ።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁም እዚህ እንዳላችሁ አያለሁ። «እኛን አይመለከተንም» እንዳትሉ። የሞተር ዘይት የለም፣ ካንዴላ የለም፣ እውነት ነው። የፍሬን ዘይት ግን አለ፤ እንደዚያው እርጥበት ይስባል። እንዲያውም መኪናዋ በራሷ ሞተር ፍጥነት ስለምትቀንስ የፍሬን ሸራው ብዙም አይነካም፣ የሚንቀሳቀሱት ፒኖች ሊዝጉና ሊይዙ ይችላሉ። በዓመት አንዴ ተፈተው ይጽዱ፣ ይለስልሱ። ትልቁን ባትሪ የሚያቀዘቅዘው ኩላንትም የራሱ ጊዜ አለው። ከባትሪው የተነሣ መኪኖቹ ከባድ ስለሆኑ ጎማቸው ቶሎ ያልቃል፤ በየ10,000 ኪሎ ሜትር የፊቱን ከኋላው አቀያይሩ። ትንሿን 12 ቮልት ባትሪም አትርሱ። እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ እንኳ መኪናዋ አትነሳም።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁኝ። ከዚያ መብራቱ ሳይሄድ ወደ ፓርኪንጉ እንውረድና የየመኪናችሁን ጎማ ዓመት አብረን እናንብብ፤ የእጅ ባትሪ ይዣለሁ።